የማጂ ምንጮችና የእኛ ሒሳብ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። አባቶች ይህን የተናገሩት ትንሹን ነገር አይቶ ትልቁን ያየ የሚመስለውን ሰው ለመገሠጽ ነው። እኛ ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ጥቂት ዓመታት ከኖርን ወዲህ ተረቱን ገልብጠን ለማሰብ ተገደናል። ዓባይን ያየን፥ ስለ ዓባይም ብዙ የተናገርን ሰዎች፥ ምንጭን ማመስገን ቀርቶ መቍጠር እንኳ ረስተናል። ለአንባቢያን የምናቀርበው ይህ ጽሑፍ በገዛ እጃችን ስለ ሠራነው አንድ የሒሳብ ስሕተትና ከእርሱ ስላገኘነው ትምህርት የሚናገር ነው። ስሕተትን በአደባባይ መናገር ለሚያስተምር ሰው ከባድ ቢሆንም፥ ተደብቆ የሚቀር ስሕተት በሌላ ሰው እጅ እንደገና መሠራቱ የማይቀር ነውና መናገሩን መርጠናል።

ማጂ በቀድሞው ዘመን በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ከተማ ነበረች። ዛሬ፥ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፥ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በቱም በኩል የሚጓዝ ሰው ከሙቀቱ እየራቀ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ፥ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ያገኛታል። ጧት ጧት ጉም ትከናነባለች። ጉሙ ሲገለጥ በስተምሥራቅ የኦሞ ሸለቆ ከሩቅ ይታያል፤ ከዚህ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ የኦሞ ነውና። በደጋው ላይ የሚኖረው የዲዚ ሕዝብ ነው፤ እንሰቱንና ገብሱን ይተክላል፥ ያርሳል። በቆላው ከብት የሚያረባው ሱሪ ሲሆን፥ መኢኒትም የዚሁ አገር ጎረቤት ነው።

ይህን አገር በክረምት ያየ ሰው ስለ ውኃ እጥረት ቢነገረው አያምንም። በሚዛን ተፈሪ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በማጂ ደጋም ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ይመላለሳል። እኛም መጀመሪያ ወደዚያ ስንላክ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ስናዘጋጅ፥ ውኃ ይቸግረናል ብለን ከቶ አላሰብንም ነበር። ነገር ግን ታኅሣሥ አልፎ ጥር ሲገባ፥ ሴቶችና ልጃገረዶች ሌሊት ተነሥተው ጀሪካናቸውን በምንጭ ዳር ሲደረድሩ አየን። እንዲህ ያለ ዝናብ ባለበት አገር ስለ ምን ሰው ለውኃ ወረፋ ይጠብቃል? ይህ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ከአእምሮአችን አልወጣም።

ምክንያቱ በመሬቱ ሆድ ውስጥ ነው። የማጂ ደጋ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ድንጋይ የተሠራ ነው። ድንጋዩ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ አይደለም፤ አንዱ ፍሳሽ ይቀዘቅዛል፥ ላዩ በብዙ ዘመን ዝናብና ፀሐይ ፈራርሶ ቀይ አፈር ይሆናል፥ ከዚያም ሁለተኛው ፍሳሽ መጥቶ ይደፍነዋል። ስለዚህ የተራራው ውስጥ በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስንጥቅ ያለው ድንጋይ የዝናቡን ውኃ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ሸክላማው አፈር ግን ይይዘዋል። የተያዘውም ውኃ ወደ ጎን እየሄደ፥ የተራራው ጎን በተቆረጠበት ቦታ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ገደሉ ቁልቁል በመሆኑ አብዛኛው ዝናብ ወደ ድንጋዩ ሳይገባ በጎርፍ መልክ ይወርዳል። በበጋ የሚጠጣው እንግዲህ ጎርፍ ከሆነው ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው፥ ከገባውም ገና ያልወጣው ብቻ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ጎተራ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም፤ የሚያስገባው በዝናብ ወራት ነው፥ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ገደማ በዚያ አገር ሒሳብ ስናስተምር፥ የአንድ ሠፈር የውኃ ኮሚቴ ወደ እኛ መጣ። ከሠፈሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለውን ምንጭ አጎልብቶ፥ ውኃውን በቧንቧ ወስዶ ቦኖ ለማቆም አስቦ ነበር። ስሚንቶውና ቧንቧው ተገኝቶአል፤ የጎደለው ምንጩ ለምን ያህል ሰው እንደሚበቃ የሚነግር ሰው ነው። እኛም የተጠየቅነው ሒሳብ ነውና ደስ ብሎን ተቀበልን። ተማሪዎቻችንን ይዘን፥ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና ሰዓት ይዘን፥ በዓመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ወደ ምንጩ ወረድን።

አንባቢ ነገሩን እንዲረዳው ቍጥሩን አቅልለን እናስቀምጠው። ጀሪካኑ በግንቦትና በነሐሴ በ20 ሴኮንድ ይሞላል እንበል፤ በጥቅምት በ25፥ በየካቲት ግን በ100 ሴኮንድ። ይህ ማለት ምንጩ በሴኮንድ የሚሰጠው በሁለቱ ወራት 1 ሊትር፥ በጥቅምት 0.8፥ በየካቲት 0.2 ነው። አራቱን ደምረን ለአራት ብናካፍል 0.75 ሊትር ይወጣል። በቀን ሲሰላ 64,800 ሊትር መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ለገጠር የተወሰነው የውኃ መለኪያ፥ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበርና፥ ምንጩ ለ2,592 ሰዎች ይበቃል የሚል ውጤት እናገኛለን። እኛም በጥሩ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አስምረን፥ ከታች «በቂ ነው» ብለን ጽፈን፥ ፈርመን ሰጠን። ያን ቀን በሙያችን የኮራነውን ያህል ከዚያ ወዲህ ኮርተን አናውቅም።

ቦኖው ቆመ፤ ሠፈሩም ተደሰተ። በሚከተለው ዓመት ጥር ላይ ግን ሁለት ነገር ደረሰ። አንደኛ፥ ቦኖው ከረፋድ በኋላ አየር ብቻ ይተፋ ጀመር። የካቲትን ለብቻው ብናሰላው ኖሮ ይህን አስቀድመን እናውቅ ነበር፤ 0.2 ሊትር በቀን 17,280 ሊትር ነው፥ የሚበቃውም ለ691 ሰዎች ነው። በክረምት የተረፈውን ውኃ በበጋ የሚጠጣ ሰው የለም። ሰው የሚጠጣው የዛሬን ውኃ ነው፤ እኛ ግን በአማካይ አካፍለን፥ የነሐሴን ጥጋብ ለየካቲት ጥም የሰጠን መስሎን ነበር።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ከሠፈሩ በታች፥ ከገደሉ ሥር፥ ሌላ መንደር አለ። የዚያ መንደር ሰዎች የሚጠጡት ከራሳቸው ምንጭ ነበር፤ በኮሚቴው ስብሰባ አልተገኙም፥ የጠራቸውም አልነበረም። ቦኖው በቆመበት ዓመት በጋ ምንጫቸው ደረቀች። ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዱና፥ ዳገቱን በጀሪካን ተሸክመው ይመለሱ ጀመር። ወሬውን ሰምተን ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወረድን። በደረቀችው ምንጭ አጠገብ ያገኘናቸው አንዲት ባልቴት በዲዚኛ ሲናገሩ ተማሪው ያስተረጕምልን ነበር።

«ልጆቼ፥» አሉን፤ «የላይኛዋ ምንጭ የታችኛዋ እናት ናት። እናቲቱን አሰራችኋት፤ ልጅቱ ከየት ትጥባ?»

«ይህን ታውቁ ኖሮአል፥ እማማ?» አልናቸው።

«ይህንንማ የማያውቅ ማን አለ? የጠየቀን ነው የጠፋ» አሉን።

የዚያን ቀን ዳገቱን ስንወጣ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። በኋላ እንደ ተረዳነው ባልቴቲቱ የተናገሩት በመሬቱ ሳይንስም ትክክል ነው። ከላይኛው ምንጭ ወጥቶ በሣሩ መካከል የሚፈሰው ውኃ ባክኖ የሚቀር መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት እንደ ሄደ ተመልሶ ወደ ስንጥቁ እየገባ፥ ከታችኛው ንብር ላይ ደርሶ እንደገና ይወጣ ኖሮአል። እኛ በቧንቧ የወሰድነው የሌላውን መንደር ጎተራ ነበር። ሒሳባችን ስለ አንድ ምንጭ ነበር፤ ምንጮቹ ግን ዘመዳሞች ነበሩ። ይህን ዝምድና ሊያሳየን የሚችል ሠንጠረዥ የለም፤ የሚያሳየው ካርታ ነው።

ስለዚህ ወደ ካርታ ተመለስን። የአገራችን መልክዐ ምድር ካርታ በ1፡50,000 ልክ ተዘጋጅቶአል፤ በእርሱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፥ የከፍታ መስመሮችም ተሥለውበታል። ተማሪዎቹ ከእናቶቻቸው ጋር እየዞሩ፥ ስም ያለውንም የሌለውንም ምንጭ፥ በበጋ የሚደርቀውንም የማይደርቀውንም ጠይቀው ጻፉ። ቦታውንና ከፍታውን በእጅ ስልክ እየለዩ በካርታው ላይ ነጠብጣብ አደረጉ። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተመለከትነው። ነጠብጣቦቹ እንደ ተበተነ ጥሬ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በሁለት መስመር ላይ ተሰልፈው ነበር፥ አንዱ መስመር ከላይ፥ ሌላው ከታች። ያ ቀይ አፈር በሁለት ቦታ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፍበት ይህ ነው። ባልቴቲቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገሩን በወረቀት ላይ ተጽፎ አየነው።

በካርታና በቍጥር ውኃን መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 በሎንዶን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ዶክተር ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ ሲመረምር፥ ሞቱ በብሮድ ስትሪት ባለው የውኃ መቅጃ ዙሪያ ተከማችቶ አገኘው። የመቅጃው እጀታ እንዲነቀልም አስደረገ። የሞቱትን መቍጠር ብቻውን ምን ያህል እንደ ሞቱ ይነግር ነበር፤ ከየት እንደ ጠጡ የነገረው ካርታው ነው።

ኋላም እ.ኤ.አ. በ1951 በደቡብ አፍሪካ ዳኒ ክሪጅ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ፥ በጥቂት ቦታ ከተቆፈረው በመነሣት በመካከሉ ያለው ያልተቆፈረው መሬት ምን ያህል ወርቅ እንደሚይዝ የሚገምትበትን መንገድ አሳየ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ማተሮን ይህን ሐሳብ በሒሳብ አደላድሎ በክሪጅ ስም ሰየመው። ዛሬ የዓለም የውኃ ሊቃውንት ይህንኑ የወርቅ ሒሳብ ከመሬት በታች ያለውን የውኃ ከፍታ ለመገመት ይሠሩበታል። ነገሩ በቀላሉ ሲነገር፥ ቅርብ ያለ ጕድጓድ ከሩቁ ይልቅ ይመሰክራል ማለት ነው፤ በሸንጎም የጎረቤት ምስክር ከመንገደኛ ምስክር ይበልጥ እንደሚታመን ሁሉ። ከሁሉ የወደድንለት ግን ግምቱን ሲሰጥ የግምቱን ጥርጣሬ አብሮ መስጠቱ ነው። ጕድጓድ በሌለበት ቦታ ጥርጣሬው ይሰፋል፤ «እዚህ ላይ አላውቅም» ብሎ ራሱ ይናገራል። እኛ «በቂ ነው» ብለን በፈረምንበት ወረቀት ላይ የጎደለው ይህ ቃል ነበር።

በአገራችንም ቢሆን የተሠራ ሥራ አለ። ተስፋዬ ቸርነት ያዘጋጁት፥ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውኃ ካርታ በ1፡2,000,000 ልክ የተሠራ ነው። መላውን አገር በአንድ ገጽ ለማየት ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ልክ 1 ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፥ ከእኛ ሁለት ምንጮች አንደኛውን ከሌላው መለየት አይቻልም። ከዚያም በላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ግሬስ የተባሉ ሁለት መንትያ ሳተላይቶች ወደ ሰማይ ተልከው፥ የምድርን ስበት እየመዘኑ በሰፊ አገር ላይ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ሲጨምርና ሲቀንስ ያሳዩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተተኩትም ሥራውን ቀጥለዋል። ሰማይ ላይ ሆኖ የአህጉርን ጥም መመዘን ተችሎአል። የአንዲትን መንደር ምንጭ ግን ዛሬም የሚመዝናት ጀሪካንና ሰዓት የያዘ ሰው ነው። ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የእኛ ስሕተት የአንዲት መንደር ነበር፤ በሰፊው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ግን አገራችን አይታለች። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሐረማያ ሐይቅ የሐረርን ከተማ ሲያጠጣ ኖሮ፥ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ፈጽሞ ደረቀ። አንድ ኃጢአተኛ ብቻ አልነበረውም፤ ከተማው ይስባል፥ የጫትና የአትክልት እርሻ ይስባል፥ ከተራራው የታጠበው አፈር ይሞላዋል፥ ፀሐይም ድርሻዋን ትወስዳለች። ከእነዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ «በቂ ነው» የሚያሰኝ ነበር። ለሐረርም ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጕድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ግድ ሆነ። ሐይቁ ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃ መያዝ መጀመሩ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ መመለሱ ሒሳቡን የሚያስረሳ መሆን አይገባውም። አዲስ አበባም ብትሆን በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ ዳር የተቆረቆረች፥ ከመሬት በወጣ ውኃ የተወለደች ከተማ ናት፤ ዛሬም ከምትጠጣው ከፍ ያለውን ክፍል ከአቃቂና ከሌሎች ቦታዎች ጕድጓዶች ታገኛለች። ጕድጓድ በበዛ ቍጥር፥ አንዱ የሌላው እናት ወይም ልጅ መሆኑን ማወቅ የበለጠ ያስፈልጋል።

ወደ ቡናው አገርም ብንመለስ ነገሩ ይኸው ነው። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡና ታጥቦ ሲዘጋጅ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ለቀማውና እጥበቱም የሚበረታው ዝናቡ ሲያበቃ፥ ወንዞቹ መጕደል ሲጀምሩ ነው። ከእጥበት የሚወጣው ገለፈትና እድፍ ያልተጣራ እንደ ሆነ፥ ከታች ያለው ሰው ውኃው ቢኖረውም አይጠጣውም። ስለዚህ የውኃ ካርታ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ጥራቱንም፥ ማን ከማን በላይ እንዳለም መናገር አለበት። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶአል፤ ወጣቶች ስታቲስቲክስ ይማሩበታል። ከዚያ የሚወጡ ተማሪዎች መጽሐፉ ውስጥ ካለው ምሳሌ ጋር ከበራቸው ያለውን ምንጭ ቢቍጥሩ፥ ለአገሪቱ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ሕጉ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለቤት የሚውለውንም ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ያስቀድማል። ነገር ግን በጋራ የተያዘ ሀብት ካልተቈጠረ፥ የጋራነቱ ለቀደመው ይሆናል። በእኛ ዘንድ የቀደመው የላይኛው ሠፈር ነበር፤ መንገዱንም የጠረገለት የእኛ ፊርማ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ካርታውን ይዘን የሁለቱን መንደር ሽማግሌዎችና ሴቶች በአንድነት እንዲቀመጡ ለመንን። ስብሰባው ቀላል አልነበረም፤ የላይኞቹ የስሚንቶውን ድካም፥ የታችኞቹ የዳገቱን ድካም አነሡ። በመጨረሻ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቦኖው በሰዓት እንዲከፈትና ሌሊቱን ሙሉ ውኃው በቀድሞው መንገዱ እንዲፈስ ተስማሙ። የታችኛዋ ምንጭ ተመለሰች፤ እንደ ድሮዋ ግን አይደለችም። ሴቶቹም በየካቲት አንዳንድ ቀን እስከ ወንዙ መውረዳቸው አልቀረም። ይህን ሳንናገር ብንቀር ሁለተኛ በስሕተት መፈረም ይሆንብናል።

ተማሪዎቹ አንድ ደብተር ከፈቱ። በየወሩ መጀመሪያ ሁለቱን ምንጮች እየለኩ፥ ጀሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደ ሞላ ይጽፋሉ። አማካይ የሚባል ዓምድ አላደረጉበትም፤ በምትኩ የዓመቱን ዝቅተኛ ቍጥር በቀይ ያሰምሩበታል። ከማጂ ከወጣን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጕዳይ ወደዚያ ተመልሰን ደብተሩን እንዲያሳዩን ጠየቅን። ገጾቹን ስናገላብጥ፥ ቍጥር በቍጥር ላይ ተከታትሎ ሲሄድ፥ በአንድ የነሐሴ ወር ላይ ባዶ ቦታ አገኘን። ምክንያቱን ጠየቅን። ዝናቡ በርትቶ የገደሉ መንገድ ተንዶ ነበርና መውረድ አልተቻለም አሉን። በነሐሴ ምንጩ ስንት እንደሚሰጥ ከቀደሙት ዓመታት ገምቶ መጻፍ ቀላል ነበር፤ እኛ በእነርሱ ዕድሜ ብንሆን እንጽፍ ነበር። ደብተሩን የያዘችው ልጅ ግን በዚያ መስመር ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አንድ ቃል ብቻ አስፍራለች፤ «አልተለካም» ይላል።